ካውያ ጋ ወድቃ ሞተር የተከለከለችው

ሰፈሩ ሁሉ ካውያ ነው የሚላት። ከጉብልነቷ ጀምሮ በአንድ ላውንደሪ ልብስ ስትተኩስ የኖረች፣ አሁን ስልሳን ልትደፍን ትንሽ የቀራት፣ ቁመቷ አጭር ምላሷ ረጅም ሴት ናት። እኔ ከላውንደሪው ማዶ ጎማ እጠግናለሁ። በበጋ፣ እሑድ እሑድ፣ እሷ፣ እኔ፣ ፀጉር አስተካካዩና ዳቦ ጋጋሪው በየሞተራችን ከከተማ እንወጣለን።

ሞተር የለመደችው ለመታየት አይደለም። የተተኮሰ ልብስ ለደንበኛ የሚያደርሰው ሰውዬ ሥራውን ጥሎ የሄደ ጊዜ አሠሪዋ ግራ ገባው። «እኔ አደርሳለሁ» ብትለው ሳቀባት። እሷ ግን በምሳ ሰዓት በምሳ ሰዓት እኔ ደጅ ካለው ባዶ ቦታ ላይ እየወደቀች እየተነሣች ተማረች። ጉልበቷ ተላጠ፣ መንጃ ፈቃዷንም አወጣች። ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት ሙሉ ኮትና ሸሚዝ ከኋላዋ አንጠልጥላ ከተማውን አዳረሰችው። አሠሪዋ በኋላ መኪና ሲገዛ ያቺን ትንሽ ሞተር ጥግ ወረወራት፤ ካውያ ገዛቻት። እኔ ጎማዋን ቀየርኩላት፣ ዝገቱን ራሷ ፈግፍጋ አስለቀቀችው።

የእኛ ጉዞ አንድ ሕግ አለው፤ ቀርፋፋው ይመራል። ፈጣኑ ከመራ ቀርፋፋው ሲያሳድድ መከራውን ያያል፣ ቀርፋፋው ከመራ ግን ሁሉም ይደርሳል። ስለዚህ መሪያችን ሁልጊዜ እሷ ነበረች። ጎረምሶች እያለፉን ክላክስ ይነፉብናል፤ «አሮጊቷ እየጎተተቻችሁ ነው እንዴ?» ይሉናል። እኛ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን እንከተላታለን። ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ አስፋልቱ ከእግር ሥር ሲለሰልስ፣ ጥላ ባየች ቁጥር ታቆማለች። ልብስ የምታርስበትን የውኃ መርጫ ከሳጥኗ አውጥታ አንገታችንንና ከጃኬት ሥር ያለውን ካናቴራችንን ታርስልናለች። ዳቦ ጋጋሪው ብቻ ሁልጊዜ ያጉረመርማል፤ ምድጃ ፊት ለኖረ ሰው ፀሐይ ምኑ ነው ባይ ነው። እሷ ግን መስሚያዋ ጥጥ ነው፤ እሱንም ታርሰዋለች።

ባለፈው በጋ፣ ሙቀቱ መተንፈሻ ባሳጣበት ሳምንት ወደቀች። ልብ አድርጉ፣ ከሞተር አይደለም። ላውንደሪው ውስጥ ካውያውን እንደያዘች አንሶላ ላይ ተደፋች። መስኮቱ አቧራ ያስገባል ተብሎ ተቸንክሯል። ማራገቢያው ከቆመ ቆይቷል፤ አሠሪዋ ዛሬ ነገ እያለ አንዱ በጋ አልፎ ሌላው መጣ። ያን ቀን ቀዝቃዛ ለስላሳ ገዛላትና ግማሽ ቀን እረፊ አላት። ይህንንም ቸርነት ብሎ ለደንበኛ ሁሉ ሲያወራው ሰነበተ።

ታዲያ የሰፈሩ ፍርድ ምን ሆነ መሰላችሁ? በዚህ ዕድሜዋ በፀሐይ ሞተር ላይ ስትንጦለጦል ነው ተባለ። ያያት ሐኪም ሙቀት ነው ብሎ ነበር፤ የቱ ሙቀት ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው አልተገኘም። ብቸኛ ልጇ የሞተሩን ቁልፍ ወሰደባት። ካውያውን የወሰደባት ማንም የለም፣ ሰኞ ተመልሳ እዚያው የመተኮሻው ጠረጴዛ ፊት ቆመች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። እኔ በጣም ተናደድኩ፣ ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። አባቱ ከሞተ ወዲህ ያለ እሷ ማንም የለውም። ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ለእሑድ አይጥሯት» ሲለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። የማራገቢያውን ነገር ሳነሣበት አንገቱን ደፋ። የሥራዋ ጉዳይ ነው፣ ሰውየውን ብናስቀይመው ደግሞ ያባርራታል አለኝ። እንግዲህ እናቱን መቆጣት ቀለለው።

መላ አመጣሁ ያለው ዳቦ ጋጋሪው ነው። የእሱ ሞተር ትልቅ ነው፤ ካውያ ከኋላው ትፈናጠጥና እኛም አናጣት፣ ልጇም አይሰጋ አለ። ልጁ ተስማማ። እሷም ያለ ክርክር ተስማማች፤ ይህን ግን አልወደድኩትም። እሑድ ጠዋት ጃኬቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ የውኃ መርጫዋን ታቅፋ፣ ሊታጠብ እንደተቋጠረ ልብስ ከዳቦ ጋጋሪው ጀርባ ተቀመጠች። ያ ግዙፍ ሰው ከፊቷ ሲቀመጥ ከሄልሜቷ በቀር ምኗም አይታይም ነበር።

እንግዲህ መሪ የሌለው ጉዞ ተጀመረ። ቀርፋፋ ስለሌለ ሁላችንም ፈጣን ሆንን፤ ፀጉር አስተካካዩ ዓመት ሙሉ የታሰረ ይመስል ተፈተለከ፣ እኔም ተከተልኩት። ማንም ጥላ አልፈለገም፣ ማንም አላቆመም። ውኃው ከካውያ ጋር መሆኑን እንኳ ያሰበ የለም። ነፋሱ ራሱ ትኩስ ነበር፣ ፊት ላይ የምድጃ በር የተከፈተ ያህል። ከረጅሙ ዳገት በላይ በመስታወቴ ብመለከት ከኋላዬ መንገዱ ባዶ ነው። ለፀጉር አስተካካዩ ክላክስ ነፍቼ ዞርኩ።

ድልድይ ሥር አገኘናቸው። ዳቦ ጋጋሪው ጃኬቱና ጫማው ወልቆ ጥላው ውስጥ ተዘርግቷል፤ እሷ ውኃ እያፈሰሰችበት፣ በጃኬቷ ታራግብለታለች። በኋላ እንደነገረችን፣ መንገድ ላይ ስታናግረው መልሱ መወላገድ ጀመረ። አንገቱን በእጇ ብትነካው ይፋጃል፣ ላብ ግን የለውም። ከዚያ ሞተሩ ወደ ጠርዝ ማዘንበል ጀመረ። አቁም ብትለው አልሰማትም። ተንጠራርታ በብብቱ ሥር እጇን አሳልፋ መሪውን ያዘች፤ ነዳጅ መስጫውን መልሳ፣ ፍሬኑን በእሱ እጅ ላይ ጨምቃ፣ ጠጠሩ ላይ አስቆመችው። ሁለቱም አብረው ተንሸራተው ወደቁ እንጂ አልተጎዱም። ያን የሚያህል ሰው እንዴት አድርጋ እስከ ድልድዩ እንደጎተተችው እስካሁን አይገባኝም።

ዳቦ ጋጋሪው ነፍስ ሲዘራ የመጀመሪያ ቃሉ ደህና ነኝ የሚል ነበር። ዝም በል አለችው። አትክልት የጫነ ፒክአፕ ሲያልፍ አስቆምን፤ ሹፌሩ ደግ ሰው ነበር፣ ጎኑ አስቀምጦ ወደ ሐኪም ወሰደልን። ትልቁ ሞተር ብቻውን ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ ገመድ ፈልገን እንጎትተው ማለት ሲጀምር፣ እሷ ጓንቷን አጥልቃ ጨርሳ ነበር። እግሯ መሬት የሚነካው በጣቷ ጫፍ ብቻ ነው። አስነሣችው።

ከፊት ሆና መለሰችን። ጥላ ባለበት ሁሉ አቆመች፣ ሁለታችንንም አራሰችን። እንደዚያ ቀን በመመራቴ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ልጇ ቤታቸው በር ላይ ቆሞ ነበር። የዳቦ ጋጋሪው ወሬ ቀድሞን ደርሷል። እናቱ ያን የሚያህል ሞተር ላይ ተቀምጣ ስትመጣ ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ። እኛ ሞተራችንን አጥፍተን ዳር ቆምን፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ ለእሷ ምንም የምንፈይድላት የለንም።

ቀስ ብላ ወረደችና ሄልሜቷን አወለቀች። ፀጉሯ በላብ ተጣብቋል።

«ቁልፌን» አለችው።

«እማዬ፣ እሱን ያህል ጠንካራ ሰው እንኳ ወደቀ እኮ። ምን ሆነሽ ነው የማትሰሚኝ? ብትሞቺብኝስ?»

«እሞታለሁ። ማን ይቀራል? ካውያ ላይ ተደፍቼ ግን አልሞትም።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «የት ነው የወደቅሁት?»

ልጁ ወደ እኛ ዞር ብሎ አየ።

«የት ነው የወደቅሁት አልኩህ?»

«ሥራ ቦታ» አለ ልጁ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ታዲያ ከሞተሩ ጋር ምን አጣላህ? ስድስት ቀን ለሰው እቀቀላለሁ፣ በሰባተኛው ነፋስ አገኛለሁ። አንተ ነፋሴን ወሰድክብኝ። ሰውየውን አንድ ቀን ሄደህ ለምን እናቴን ታቃጥላታለህ ብለኸዋል?»

ልጁ እጁን ኪሱ ከተተና ቁልፉን አወጣ፤ ለካ ከወሰደባት ቀን ጀምሮ ይዞት ነው የሚዞረው። እሷ ተቀብላ ጃኬቷ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ትከሻውን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችውና ግንባሩን ሳመችው። እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ሞተሬን ላስነሣ ስል እሷ አልጨረሰችም ነበር።

«ነገ ጠዋት አብረን ሥራ ቦታዬ እንሄዳለን» አለችው። «እኔን የተቆጣኸኝን ያህል እሱንም ትቆጣልኛለህ።»