መስኮቱ የጠበበው ቤታችን

ልጅ እያለሁ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ክልክል ነበር። ቤታችን ስል ደብረ ብርሃን የተከራየናትን አንዲት ክፍል ማለቴ ነው። አከራያችን እትዬ በላይነሽ የመዶሻ ድምፅ ከሰሙ ከጓዳቸው ብቅ ብለው «የሰው ግድግዳ ነው እኮ!» ይላሉ። እማዬ ሳቅ ብላ «ይቅርታ እትዬ» ትልና በሩን ስትዘጋ ፊቷ ይለወጣል። ብርዱን ደግሞ የዚያ አገር ልጆች ለሆናችሁ እኩዮቼ አልነግራችሁም። ጠዋት ፊት መታጠብ ቅጣት ነበር።

አባዬ አስተማሪ ነበር። በአስተማሪ ደሞዝ እዚያ ቤት መሥራት እንደማይታሰብ ሲገባው ወደ ጋምቤላ ዝውውር ጠየቀ። ሌላው ከጋምቤላ ለመውጣት ደጅ ይጠናል፣ የኔ አባት ለመግባት! ዘመድ ሁሉ «ምነው፣ ምን አጥፍተህ ነው?» አለው። እማዬ ግን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቦታ እናገኛለን?»

«እናገኛለን» አላት።

በቃ፣ ጓዝ መጠቅለል ጀመረች። ጋቢው፣ ብርድ ልብሱ፣ የኔና የወንድሜ የሱፍ ሹራብ ሳይቀር ተጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ ተጫነ።

ጎሬን አልፈን ቁልቁለቱን ስንይዝ ሹራቤን አወለቅሁ። ከዚያም ካልሲዬን። ጋምቤላ ስንወርድ መሬቱ ራሱ ይተነፍስ ነበር፤ የደረቀ ዓሣና የወደቀ ማንጎ ሽታ አንድ ላይ ተቀበለን። እውነቱን ለመናገር እኔ በሳምንት ውስጥ ለመድሁ። ማንጎ መሬት ወድቆ የሚበሰብስበት አገር ለልጅ ምን ይከፋል? ከትምህርት ቤት ስንመለስ አማርኛ ገና ከማይሆንላቸው የሰፈሩ ልጆች ጋር ሱዚ እንዘል ነበር። ሱዚ ቋንቋ አይፈልግም።

ቦታው ተገኘና ቤቱ ተጀመረ። እማዬ ከግንበኛው ጎን አልጠፋ አለች። ጭቃው ወፍራም ይሁን፣ በሩ ይጥበብ፣ መስኮቱ ሁለት ብቻ፣ እሱም ትንሽ ሆኖ ከፍ ይበል። «ነፋስ እንዳይመታን» ትላለች። አርባ ዲግሪ ፀሐይ ውስጥ ቆማ የምትፈራው ነፋስ ነበር። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ከዚህ ሌላ ቤት አያውቅም። አባዬም አልተቃወማትም፣ እሱም የዚያው አገር ሰው ነው።

ጎረቤታችን አሪየት፣ ዓሣ የምትሸጠው አኙዋክ፣ ልትጎበኝ መጥታ መስኮቱን ስታይ በሳቅ ሞተች።

«ይሄ ለማን ነው? ጎተራ ነው? ለበቆሎ ነው?» አለች። «እዚህ ቤት ለዝናብ ነው። ሰው ውጭ ነው።»

እማዬም አብራት ሳቀች፣ መስኮቱን ግን አላሰፋችም። የገባን ዕለት መዶሻ ይዛ ግድግዳውን ስትዞር ዋለች። ፎቶ ሰቀለች፣ ሥዕለ ማርያም ሰቀለች፣ የሚሰቀል ስታጣ የአባዬን ኮፍያ ሰቀለች። እናቴን እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ከዚያ የካቲት መጣ። ጭቃው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሲመሽ እኛ ላይ ይመልሰዋል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ አጎበር ሲሰቅል አባዬም መጀመሪያ የኛን፣ ቀጥሎ የራሱን አወጣ። እማዬ እምቢ አለች።

«አገሬን ለቅቄ የመጣሁት ደጅ ለማደር ነው?» ብላ በሩን ዘጋችው።

ጠዋት ጠዋት ቀሚሷ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ፣ ዓይኗ ቀልቶ ትወጣለች። እንዴት አደርሽ ስንላት «እንቅልፍ ጠገብሁ» ትለናለች።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ልብስ ልትቀይር ገባችና ቀረች። ወንድሜ ወድቃ አገኛት። አባዬና አሪየት ተሸክመው ግቢያችን ካለው ማንጎ ጥላ ሥር አጋደሟትና ውሃ በላይ በላይዋ አፈሰሱባት። እኔ የሱዚው ገመድ እግሬ ላይ እንዳለ ቆሜ የእግሯን ጣቶች አይ ነበር። አልጮኽኩም፣ አላለቀስኩም። የሆነ ነገር ውስጤ ዝም አለ፤ ያ ዝምታ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ዓይኗን ስትገልጥ አሪየት «ይሄ ቤት ይገልሻል» አለቻት። ያን ዕለት ሲመሽ አባዬ አልጋዋን አወጣው። እማዬ ፊቷን ወደ ግቢው አጥር፣ ጀርባዋን ወደ ቤቷ አድርጋ ተኛች። በማግስቱ መስኮቱን ላስፋው ሲላት ግን «ቤቴን እንዳትነካ» አለችው። አልነካም። ከዚያ ወዲያ በጋ በመጣ ቁጥር አልጋዋ ይወጣል፣ ዝናብ ሲጀምር ይገባል።

አሁን እኔ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው የምኖረው። አከራዬ ውጪ ሲለኝ እወጣለሁ። እማዬን ያንገበግባት የነበረው ነገር እኔን ምንም አይለኝም፤ ይህ ጥንካሬ ይሁን ድንዛዜ አላውቅም። ያኔ የቤት ጉዳይ የሚያስለቅስና የሚያስቅ ነገር ነበር። ዛሬ ዕቃዬን ጠቅልዬ፣ ፈትቼ፣ ሻይ አፍልቼ እጠጣለሁ።

ያለፈው መጋቢት እማዬ አረፈች። ቀብሩ እኔን ለመጠበቅ በማግስቱ ሆነ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ ቤት ሄድሁ። ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቷል። እሷን ፈልጌ መጀመሪያ ያየሁት ማንጎው ሥር ነው፤ አልነበረችም። ሴቶቹ ወደ ቤት ጠቆሙኝ። ውስጡ እንደ ምድጃ ነው። አባዬ ሸሚዙ በላብ ርሶ አጠገቧ ተቀምጧል፤ አሪየት፣ አሁን አርጅታለች፣ በሩ ላይ ቆማ በሰሌን ታራግብላቸዋለች።

እንባ ይመጣ እንደሆነ ጠበቅሁ። አልመጣም። አባዬ ቀና ብሎ አየኝ።

«ትናንት ማታ፣ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ አስከሬኑን ደጅ እናሳድረው አሉኝ» አለኝ። «እኔ ግን እምቢ አልኩ። ዛሬ እንኳ ቤቷ ትደር አልኳቸው።»

«ደግ አደረግህ» አልኩትና አጠገቡ ተቀመጥሁ።