በንጉሥ አምላክ የቆመው ሩጫ

የልጅ ልጄ ከልምምድ ሲመለስ ባቱን የሚያሽበት ቅባት ሽታው ከሱ ቀድሞ ሳሎን ይገባል፤ ባለፈው ሳምንትም ያ ሽታ ቤቱን ሞልቶት ሳለ ነው ቴሌቪዥኑ የአንድ ዝነኛ ሯጭ ሜዳሊያ በደሙ ውስጥ በተገኘ መድኃኒት ምክንያት መነጠቁን የተናገረው። ልጁ ግን ማሸቱን እንኳ ሳያቋርጥ፣ «አባባ፣ ሁሉም እኮ ያደርገዋል፤ ጎበዝ ማለት ያልተያዘው ነው» አለኝ። ተናደድኩ። ሰማንያ ልደፍን ምንም ያልቀረኝ ሰውዬ እንደ ጎረምሳ ደሜ ፈላ፤ ንዴቴም ይዞኝ ወደ ልጅነቴ አገር፣ ሞላሌ ድረስ ነጎደ።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ማለት ጢም ያቀመቀመ ጎረምሳ ማለት ነው። ጃፓን ለሚደረገው ትልቅ ውድድር አዲስ አበባ ላይ ሯጭ ሊመረጥ ነው ተባለና፣ ከመንዝ አንድ ልጅ ለመላክ ከሞላሌ እስከ መሐል ሜዳ እንድንሮጥ ተወሰነ። የሚሄደው አንደኛ የወጣው ብቻ ነው። እናቴ በዋዜማው እግሬን በለጋ ቅቤ ስታሽልኝ አመሸች፤ በማግስቱ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጭኔን እያሸተተ እስከ መነሻው ሸኘኝ። ጃፓን በየት በኩል እንደሆነ ከመምህራችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔ ግን ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አጥብቄ የተመኘሁት ነገር የለም።

ውርጩ ከሣሩ ላይ ሳይነሣ ተለቀቅን። ብርዱ ጉሮሮዬን እየፋቀው፣ ሽቅቡን ወጥቼ ቁልቁሉን ወርጄ፣ ከኋላዬ ከሚያሳድደኝ ከክፍሌ ልጅ ከደምሰው በቀር ሁሉንም ርቄ ጣልኳቸው። የመሐል ሜዳ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ብልጭ ሲሉ ግን የደምሰው አጎት ባላምባራስ ተፈራ የበግ ጠጉር ባናቸውን እንደተከናነቡ በበቅሏቸው መንገዱን ዘግተው፣ «አንተ ገብሴን በከብት ያስበላህ! በንጉሥ አምላክ ቁም!» ብለው ጮኹብኝ።

ይኼ ለዛሬ ሰው አይገባውም። በንጉሥ አምላክ ቁም የተባለ ሰው፣ በደለኛም ይሁን ንጹሕ፣ ያስቆመው እስኪለቀው ወይም ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ ንቅንቅ አይልም፤ ከሄደ ንጉሥ ደፈረ ማለት ነው። የአባቴ ላሞች የባላምባራስን ማሳ በዓይናቸውም አይተውት አያውቁም። ቢሆንም ቆምኩ። እንባዬ ከላቤ ጋር እየወረደ ቆምኩ።

ደምሰው ደረሰ። አጎቱ «እለፍ አንተ!» አሉት፤ አለፈም። ጥቂት ከሄደ በኋላ ግን ሩጫው ላላ፣ ዞር አለና ተመልሶ መጣ።

«ጋሼ፣ ይልቀቁት።»

«ጅል! መንገዱን ጠርጌልህ!»

«የቆመ ሰው ቀድሜ ምኑን አሸነፍኩት? እንግዲያው እርስዎም በንጉሥ አምላክ ይቁሙ! ዳኛ ፊት ሳንቀርብ አይሄዱም!»

ባላምባራስም በገዛ ወጥመዳቸው ተያዙ። በገላጣው ሜዳ ላይ ሦስታችንም ተፋጥጠን ቆምን፤ በቅሎዋ ብቻ እሷን የሚመለከታት ነገር የለምና ሣሯን ትነጫለች። ሦስተኛ ሆኖ ሲያዘግም የነበረው ሽፈራው የሚባል የቀየት አገር ልጅ አፉን ከፍቶ እያየን አለፈና አንደኛ ወጣ።

ባላምባራስ ዳኛው ፊት ሲደርሱ ክሱን ተዉት፤ ሩጫው ግን አይደገምም ተባለ። ሽፈራው አዲስ አበባ ሄዶ ሳይመረጥ ተመለሰ፤ ያተረፈው አንድ ካኔተራ ነው። አባቴ ወር ሙሉ አኮረፈኝ። በየገበያው «ጃፓኖቹ መጡ» እያሉ ሳቁብን፤ እለፍ ሲባል ተመልሶ በመጣው በደምሰው ደግሞ ከኔ ይልቅ ሳቁበት። ይሳቁ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ እኔም ያን ቀን የያዝኩትን እስከ ዛሬ አልለቀቅኩም። በመርፌ ወርቅ ከማንሣት በዚያ ውርጭ ላይ ደርቆ መቅረት ይሻላል ብያለሁ፤ ነገም እለዋለሁ።

ደምሰው ካረፈ ቆየ። ሜዳሊያ ኖሮኝ አያውቅምና አልጠፋብኝም። የጠፋብኝ ሲያሳድደኝ እንኳ ዞሬ ማየት የማያስፈልገኝ ሰው ነው።