በጸሎት መሃል የጮኸው ማሽን

በነርስነት ተመርቄ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተመደብኩ ቀን ጋዋኔን ተኩሼ፣ ደረቴን ነፍቼ ነበር የገባሁት። ኩራቴ አንድ ሳምንት እንኳ አልዘለቀም። እዚያ ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ ይጮሃሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ በረባ ባልረባው ነው። በሽተኛው ትንሽ ሲነቃነቅ ጣቱ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ይላቀቅና ሞኒተሩ ያብዳል። ወደ መካኒሳ በሚመልሰኝ ታክሲ ውስጥ እንኳ ጆሮዬ ላይ ይጮህብኝ ነበር። እኔም ብዙም ሳልቆይ አላርሙን ዝም የሚያሰኘውን ቁልፍ መጫን ለመድኩ።

በሦስተኛው ሳምንት የሳንባ ምች የጣለው፣ በማሽን የሚተነፍስ ወጣት ሰጡኝ። እናቱ በየቀኑ ከሀና ማርያም እየመጡ፣ በመጠየቂያ ሰዓት ራስጌው ቆመው ይጸልዩለታል። እኛ ቤት ሰው ሲጸልይ ሬዲዮ ይዘጋል፤ ያደግኩት እንዲያ ነው። አንድ ከሰዓት «አባታችን ሆይ» ማለት ሲጀምሩ አላርሙ ጮኸ። አፈርኩ። ጣቱንም የሞኒተሩን ቁጥርም ሳላይ ዝም አሰኘሁትና እጄን አጣምሬ አንገቴን ደፋሁ።

እኔ አንገቴን በደፋሁበት ልጁ ይታፈን ነበር። መተንፈሻ ቱቦውን አክታ ዘግቶታል። ከወዲያኛው አልጋ ቁጥሩን ያየችው የምታሠለጥነኝ ነባር ሲስተር ናት። ደርሳ በትከሻዋ ገፋ አደረገችኝና አክታውን በመምጠጫ ማሽኑ መጠጠችለት። የጠቆረው ከንፈሩ ቀስ እያለ መልኩን ያዘ።

ዕቃ ክፍል አስገብታኝ በሩን ስትዘጋ የጋዋኔን ቁልፎች እየፈታሁ ነበር። «እኔ ለዚህ ሥራ አልሆንም» አልኳት።

«እሱን ነገ እናወራዋለን» አለች። «አሁን የሆነውን መጀመሪያ ለሐኪሙ፣ ከዚያ ለእናቱ ትነግሪያለሽ። አብሬሽ እቆማለሁ። ከዚያ ወደዚያው አልጋ ትመለሻለሽ።»

ያን ቀን ብትሸፍንልኝ ኖሮ ዛሬ ነርስ አልሆንም ነበር። እስካሁን ባሰብኳት ቁጥር አመሰግናታለሁ።

ሐኪሙ በደንብ አድርጎ ተቆጣኝ፤ ይገባኝ ነበር። የከበደኝ የእናትየው ነው። «እማማ፣ ጸሎትዎን እንዳይረብሽ ብዬ ነው ያጠፋሁት» ስላቸው እንባዬ ቀደመኝ። ሲስተር እንዳለችው አጠገቤ ቆማለች።

እሳቸው መጀመሪያ ልጃቸውን ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እግዜር በጩኸት መሃልም ይሰማኛል፣ ልጄ» አሉኝ። «አንቺ እኔን ተይኝና እሱን ስሚው።»

ልጁ ድኖ በእግሩ ወጣ። ሲወጣ እናቱ መርቀውኝ ሄዱ፤ ከዚያ ሁሉ ምርቃት ይልቅ ግን ልቤ ውስጥ የቀረው ያ የስህተቴ ማግስት ነው። ያን ቀንም እንደ ልማዳቸው ራስጌው ቆመው ሲጸልዩ አላርሙ ጮኸ። ጸሎታቸውን ሳያቋርጡ ገለል ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።