በአዲሱ ላሜራ ላይ የበሳነው ቀዳዳ

ያን ቀን ሌላው ሰው የሳቀውን ብረሳ እረሳለሁ፤ አባቴ የሳቀውን ሳቅ ግን አልረሳም።

የአጎቴ የመጀመሪያ ልጅ የተዳረችበት ቀን ነበር፣ ጅማ አጠገብ ባለችው የቡ ከተማ። አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ እዚያ የታወቀ ቡና ነጋዴ። እኛ በኦሮምኛው አቤራ ነው የምንለው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ «እሱ» ነው የምለው፣ ደስ እያለኝ።

ከጅማ የሄድነው በአባቴ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው፣ በዚያች አጭሯ ሸራ ለባሽ። አባቴ ከዋዜማው ጀምሮ ሲያጥባት ነበር። እናቴ ኮፈኑ ላይ ነጭ ሪባን አሰረችላት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ፣ ዝገት በበላው ወለል አስፋልቱ ከእግሬ ሥር ሲሮጥ እያየሁ፣ ከሙሽራዋ መኪና ኋላ ተሰልፈን ክላክስ ስናስጮህ ይታየኝ ነበር።

ግቢው ስንደርስ አቤራ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ብቅ አለ። መኪናዋን ዞራት። ሰው ሐብሐብ መብሰሉን ለማወቅ እንደሚያንኳኳው፣ የፊት ጎማውን የሚጋርደውን ፓራፋንጎ በዱላው ጫፍ አንኳኳው። ከዚያ ወጋው። ዱላው ጥርቅ ብሎ ገባ። ዝገቱ እንደ በርበሬ ዱቄት አባቴ ጫማ ላይ ፈሰሰ።

«ይቺን ይዘህ ነው ልጄን የምታጅበው?» አለ፣ ግቢው ሁሉ እየሰማው።

ሚዜዎቹ ሳቁ። ሴቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው ከልለው ሳቁ። ከዚያ አባቴም ሳቀ፣ ሌላ የሚያደርገው ነገር ስላጣ። እናቴ ሪባኑን ፈታችው። አጀቡ ሲወጣ የእኛ መኪና ከጓሮ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ለድንኳኑ ውሃ በጀሪካን ስታመላልስ ዋለች። ወደ ጅማ ስንመለስ እኔ በሆዴ ሥራ ጀምሬ ነበር።

መኪናዋን ማደስ የጀመርነው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ አቮካዶው ሥር ነው። አባቴ አሁን የሰው የጭነት መኪና ይነዳል፤ በወጣትነቱ ግን ጋራዥ ውስጥ ባትላሜ ነበር፣ የተጨማደደ የመኪና አካል እየቀጠቀጠ የሚያቃና። የብየዳ ማሽን ከድሮ ጓደኛው ተዋሰ። መብራት ሲኖር ይበይዳል፤ ሲጠፋ በእጅ እንፍቃለን። የእኔ ድርሻ የሽቦ ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት ነበር። ነጩን ቀለም ስፍቀው ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ፤ አረንጓዴውን ስፍቀው ሰማያዊ። ስትወለድ ሰማያዊ ነበረች ማለት ነው። የእናቴ ነጠላ ሁሉ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ቡናማ ሆነ፤ እሷም ወይ ልብሱን ወይ እኛን ከግቢ እንደምታስወጣ ነገረችን።

አንድ ቀን አባቴ የጎኗን ብረት ቆርጦ ሲከፍት፣ ከውስጡ ጥቁር፣ የተጋገረ ነገር ይዘረገፍ ጀመር። አሸተትኩት። የቡና ገለፈት ነበር። ለዓመታት ከጆንያ እየሾለከ በየስንጥቁ ገብቶ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ሲጠጣ የኖረ። አባቴ እንዳስረዳኝ፣ ሌላ መኪና ከታች ከጭቃው ነው የሚዝገው፤ የእኛዋን ግን ከውስጥ የበላት ያ ገለፈት ነው።

«የማን ቡና ነው?» አልኩት።

«የወንድሜ ነዋ። ከእሱ ሌላ የማንን ጭኜ አውቃለሁ?»

እንዲህ ብሎ መቁረጡን ቀጠለ። እኔ ግን ብሩሹን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ያበላሻት የራሱ ቡና፣ የሳቀባትም ራሱ! ወላሂ፣ ከዚያ በኋላ መፋቁ ድካም የሚባል ነገር አልነበረውም። እያንዳንዷን ዝገት የእሱን ሳቅ የምፍቅ እየመሰለኝ ነው የፋቅኳት።

ፓራፋንጎው ላይ ስንደርስ አባቴ የበሰበሰውን ቆርጦ ጣለ። እኔ አነሳሁት። የዱላዋ ቀዳዳ መሃሉ ላይ ነበረች። ከአልጋዬ ሥር ደበቅኩት። አዲስ ላሜራ ተበይዶ፣ ተቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ተቀብቶ ከለሰለሰ በኋላ አሮጌውን ቁራጭ አመጣሁና በላዩ ላይ ገጥሜ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ።

«ምንድን ነው?» አለ አባቴ።

«እዚህ ጋ እንድትበሳልኝ ነው።»

«ሜ፣ እስቲ ንገሪኝ፤ አዲስ ላሜራ የሚበሳ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«የአቤራ ቀዳዳ ናት፣ አባ። መኪናዋ ታምራ እሷ ከጠፋች፣ ያ ቀንም እንዳልነበረ ይሆናል።»

ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ላሜራውን በመዳፉ ዳበሰው። ዝገት የሚነሳው ከጠርዝ እንደሆነ፣ ቀዳዳ ከተውኩ ዕድሜ ልኬን ስጠብቃት እንደምኖር ነገረኝ። እጠብቃታለሁ አልኩት። ትክ ብሎ አየኝ።

«በምን ልክ ነው የምበሳው?» አለ በመጨረሻ።

እሱን አስቤበት ነበር። በኢድ ልንጠይቃቸው የቡ ስንሄድ፣ አቤራ ለሶላት ገብቶ ዱላው በር ላይ ተደግፎ ቀርቶ ነበር። ጫፉን በክር ለክቼ ክሩን ቋጠርኩት። ያንን ክር ከኪሴ አውጥቼ ስሰጠው አባቴ ፈገግ አለ፤ የዚያን ቀኑን ዓይነት አይደለም፣ የራሱን ፈገግታ። በሳልኝ። ጠርዟን በሞረድ አለስልሼ፣ ዝገት መከላከያውን ደራርቤ ቀባኋት። ከዚያ መኪናዋ ሰማያዊ ሆነች።

ፎቶዋን ቴሌግራም ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የአቤራ ሁለተኛ ልጅ ለአሰንዳቦ ሰው ታጭታ ነበርና አየችው፤ ከዚህች መኪና ሌላ አልሳፈርም ብላ ድርቅ አለች። አሁን እኮ ሙሽራ ሁሉ የድሮ መኪና ነው የሚፈልገው። አቤራ ዱላውን ይዞ ቤታችን መጣ።

ማሻአላህ እያለ ዞራት። ኮፈኗን ዳበሰ፣ ፊቱን በመስታወቷ አየ። ፓራፋንጎው ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለ።

«ይቺን ሳትደፍኗት ረስታችኋል» አለ።

«አልረሳንም፣ አቤራ» አልኩት። «የእርስዎ ናት። በዱላዎ ይሞክሯት፣ ልክ ናት።»

ዱላውን አየው። ቀዳዳዋን አየ። ጆሮው ሲቀላ አየሁ፣ ሽማግሌ እንዲያ እንደሚቀላም አላውቅም ነበር። ወደ አባቴ ዞሮ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ ሰው ሳያያት በአንድ ቀን ትደፈናለች አይደል ሲል ጠየቀው። አባቴ ለታላቁ እምቢ ብሎ አያውቅም።

«መኪናዋ ትመጣለች» አለ አባቴ። «እንዳለች ነው የምትመጣው።»

በሠርጉ ቀን ሙሽራዋን ይዘን ከፊት ነበርን። አቤራ ከመነሳታችን በፊት ቀዳዳዋ ውስጥ ጽጌረዳ ወሸቀባት። ጅማ ውስጥ ኪቶ ፉርዲሳ ላይ ለፎቶ ስንቆም ጽጌረዳዋን አወጣኋት። እሱ መልሶ ወሸቀ። አሰንዳቦ መግቢያ ላይ አጀቡ ቆሞ ክላክሱ ሲጮህ፣ ወርጄ እንደገና አወጣኋት፤ አበባውን ለሙሽራዋ ሰጠኋት፣ እሷም የፍቅር መስሏት ሳመችኝ።

የሙሽራው አያት በር ላይ ሊቀበሉን ወጡ። መኪና የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ኮፈኗን መታ መታ አድርገው፣ ጣታቸውን ቀዳዳዋ ውስጥ ከተቱ።

«ይሄ አዲስ ላሜራ ነው። ማን ነው የበሳው?» አሉ።

እኔ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። አባቴ ግን ወንድሙን ነበር የሚያየው፣ እየጠበቀው። ሰዉም የአባቴን ዓይን ተከትሎ ወደ አቤራ ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለ አቤራ። ድምፁ ከዚያ ቀኑ ድምፅ ጋር አይገናኝም። «ያኔ የዛገች ነበረች። በዱላዬ ወግቼ ሰው አሳቅኩበት።»

«በማን?»

«በወንድሜ።»

ማንም አልሳቀም። አባቴም አልሳቀም። ያቺን ዝምታ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ብወስዳት ደስ ባለኝ። ሽማግሌው ጣታቸውን አወጡና እንድንገባ ጋበዙን፤ አባቴን ግን ከአቤራ አስቀድመው አስገቡት።

ክረምት በመጣ ቁጥር አባቴ አሁንስ ልድፈናት ይለኛል። ቀዳዳዋ አስቸጋሪ ናት፤ ዝናብ በመታት ቁጥር ጠርዟ ቡናማ ይጀምራታል፣ እኔም ብርጭቆ ወረቀቴን ይዤ ተንበርክኬ ፍቄ እቀባታለሁ። ይቆይ እለዋለሁ፤ አቤራ ገና ያልተዳረች አንዲት ልጅ አለችው። ባለፈው ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። መኪናዋ በሩ ጋ ቆማለች። እኔ ብሩሼን ይዤ ከጎኗ ነበርኩ። አየኝ፣ ሰላም አለኝ፣ ዱላውን ከውጭ አጥሩ ላይ አስደግፎ ባዶ እጁን ገባ።