የከፍታ አበል

የስልክ መስመር ሠራተኞቹ ጦጣው ይሉታል። ምሰሶ ላይ ሲወጣ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። ደሞዙ ግን እንደ እሱ ከፍ ማለት አያውቅበትም፤ ዱቄቱን፣ ዘይቱንና የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ከሸፈነ በኋላ ወሩ ሳይጋመስ እጥፍ ብሎ ይተኛል። ቤተሰቡ የሚኖርባቸውን የሁለቱን ክፍሎች ኪራይ የሚችለው የከፍታ አበሉ ነው። አበሉ ደግሞ ለሚወጣ ሰው ብቻ ይከፈላል፤ መሬት ላይ ቆሞ ገመድ ለሚይዝ ሰባራ ሳንቲም የለም። ይህን ደንብ ያወጣው ሰውዬ ከወንበሩ ከፍ ብሎ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አበሉ ሲቀር ምን እንደሚከተል ጦጣው አሳምሮ ያውቃል። ገመድ የሚይዝለት ጓደኛው ጡሩንባ፣ ጉልበቱ እስኪበላሽ ድረስ ራሱም የሚወጣ ሰው ነበር። ዛሬ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አማቱ ሳሎን ውስጥ በመጋረጃ ተከልሎ ይኖራል። አማቱ ደግ ሴት ናቸው፤ ቢሆንም ሳሎኑ የሳቸው ነው።

ጦጣው ለማንም ያልነገረው ጉድ አለው። ጆሮው እየከዳው ነው። ግራው ከሄደ ሰንብቷል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። እስካሁን ጉዱን የሸፈነለት የጡሩንባ ጉሮሮ ነው። ቅጽል ስሙ እንዲሁ አልወጣለትም፤ «ጦጣው!» ብሎ ሲጣራ ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ ሳይቀር ደንግጦ ይወጣል።

የዚያን ቀን ግን ጡሩንባ ጉንፋን ይዞት፣ ድምፁ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ መጣ። ጦጣውን ፍርሃት ፍርሃት አለው። ዛሬስ ልቅር እንዳይል፣ ኪራዩ ደርሷል።

የእንጨት ምሰሶ ላይ ከመውጣት በፊት ሥሩን በመዶሻ መምታት ደንብ ነው። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የበሰበሰው ድፍን ያለ። የሚመታውም የሚወጣው ሰው ራሱ ነው፤ ነፍሱ ናትና ማንም አይመታለትም። ጦጣው መታ። እጁ ነዘረው እንጂ ጆሮው ምንም አላመጣለትም። ጡሩንባ ሞተሩ ካልጠፋው መኪና ላይ ዕቃ ያወርድ ስለነበር እሱም አልሰማም። ሲመለስ በአገጩ ወደ ምሰሶው እያመለከተ በዓይኑ ጠየቀው።

«ደህና ነው» አለ ጦጣው። ሰው ለኪራይ ሲል በገዛ ነፍሱ እንዲህ ይፈርዳል።

መውጫ ብረቱን እግሩ ላይ አስሮ፣ ቀበቶውን በምሰሶው አዙሮ ወጣ። ጫፍ ደርሶ የተበጠሰውን ሽቦ ሊያያይዝ ሲንጠራራ፣ ታች ያለው ጡሩንባ የምሰሶው ሥር አፈር ሲሰነጠቅ አየ። ጮኸ። ከጉሮሮው የወጣው ግን ሲር የሚል ትንፋሽ ብቻ ነበር። የዕቃ ማመላለሻውን ገመድ ሳበ። ገመድ መሳብ በነሱ ዘንድ «ዕቃ ልኬልሃለሁ፣ ተቀበል» ማለት ነው፤ ጦጣው ወደ ታች ሳያይ እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። ጡሩንባ ደግሞ ሳበ።

«ምን አጣደፈህ? ላከዋ!» አለ ጦጣው።

ጡሩንባ ድንጋይ አንስቶ ወረወረ፤ ሳተው። ስንጥቁ እየሰፋ ነው። ሁለተኛው ድንጋይ የጦጣውን ተረከዝ መታ።

ያን ጊዜ ወደ ታች አየ። የጡሩንባ እጆች ይወናጨፋሉ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ምሰሶው ቀስ እያለ ማዘንበል ጀምሯል። እንዳይዘል ቀበቶው ከእንጨቱ ጋር አስሮታል። ብረቱን እየተከለ፣ ቀበቶውን ዝቅ እያደረገ፣ ትንፋሹን ውጦ ወረደ። መሬት ረግጦ ቀበቶውን እንደፈታ ምሰሶው ከሥሩ ተገነደሰና በራሱ ሽቦዎች ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ጡሩንባ መጀመሪያ አቀፈው፤ ቀጥሎ ደረቱን በቡጢ አለው። ከዚያ መዶሻውን አንስቶ መሬት ውስጥ የቀረውን ጉቶ መታና ዓይን ዓይኑን እያየ በከንፈሩ ብቻ «ምን አለ?» አለው።

«አልሰማሁም» አለ ጦጣው። አፍ አውጥቶ ሲናገረው የመጀመሪያው ነው።

ጦጣው ቀኝ ጆሮውን ሲያዞርለት ጡሩንባ አፉን ገጠመበት። «ለፎርማኑ አልናገርብህም። ሁለተኛ ግን ገመድህን አልይዝም። ሬሳህን ለሚስትህ የማደርሰው እኔ ነኝ!»

ከሰዓት በኋላ ጦጣው በገዛ እግሩ ፎርማኑ ዘንድ ገብቶ ተናገረ። ፎርማኑ አዘነለት፤ እያዘነም ከነገ ጀምሮ መሬት ላይ መደበው። አበሉ እዚያው ላይ አበቃ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ደጅ ልብስ ታሰጣ ነበር። ጀርባዋን እንደሰጠችው ሁሉንም ነገራት፤ ጆሮውን፣ ምሰሶውን፣ አበሉን። ስለ ኪራዩ ትጮህብኛለች ብሎ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። በመጨረሻ ቀና አለ። እርጥብ ሸሚዝ እንደያዘች ዞራ ታየዋለች።

«ጆሮህ ነው እንዴ?» አለች። «ስጠራህ ዝም የምትለኝ፣ ሳወራህ ጥለኸኝ የምትሄደው፣ ጆሮህ ነው?» እንባዋ ቀደማት። «እኔኮ ጠልተኸኝ መስሎኝ ነበር! ለእናቴ ሳይቀር ነግሬያታለሁ።»

ጦጣው ደረጃው ላይ ዝርግፍ ብሎ ተቀመጠ። የደበቀው ከፎርማኑ ነበር፤ ከሷም መደበቁን አንድ ቀን እንኳ አስቦት አያውቅም። ቤቱን አቆያለሁ ሲል ሚስቱን ሊያጣ ነበር።

ሸሚዙን ገመዱ ላይ ወርውራ መጣችና በቀኙ በኩል ተቀመጠች።

«አንዱን ክፍል እንለቃለን!» አለችው በሙሉ ድምጿ።

ማዶ በረንዳቸው ላይ የተቀመጡት አከራይ ቀና አሉ። እሱም ሰማ።