ጎረቤቴ የበላችው ማሽን

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር ሽምብራ መልቀም ነው። እኔ ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ነበር። ጠጠሩን ትቶ አንዲት ደህና ሽምብራ አነሳና አየት አድርጎ፣ «ይህች ተሳስታለች» ብሎ አፉ ውስጥ ጣላት። ጥሬ ናት፤ ጥርሱ ሊሰበር ምንም አልቀረው። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። በማግስቱ ታመመ። ከዚያ ወዲያ አብረን አልለቀምንም።

ያን ያህል ያሳቀንን ለመናገር ወደ ደርግ ዘመን መመለስ አለብኝ።

ባለቤቴ ሐይቅ ከተማ ሂሳብ ያስተምር ነበር። አንድ ክረምት ስልጠና ሄዶ ሲመለስ ስለ ኮምፒውተር የምታወራ ስስ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር እኔም አላየሁ፣ እሱም አላየ። ሻንጣውን ሳያስቀምጥ፣ «ዕቃ መማር ይችላል» አለኝ። «ሲሳሳት የተሳሳተበትን ካነሱለት ሁለተኛ አይሳሳትም።»

«ታዲያ አንተ በሩን ሳትዘጋ መውጣት ያልተውከው ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

ከመደርደሪያዬ ሰባት ስኒ አውርዶ በጠመኔ ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥር ጻፈባቸው። ጨዋታው ቀላል ነው። ሰባት የክብሪት እንጨት ይደረደራል፤ ሁለት ተጫዋቾች በየተራ አንድ ወይም ሁለት ያነሳሉ፤ የመጨረሻዋን ያነሳ አሸነፈ። አንዱ ተጫዋች እኔ ነኝ። ሌላው ስኒዎቹ ናቸው፤ ሁልጊዜም የሚጀምሩት እነሱ ናቸው። በየስኒው ጥቂት የተቆላ ሽምብራና ጥቂት የተቆላ ባቄላ አለ፤ አንድ ቁጥር ስኒ ውስጥ ግን ሽምብራ ብቻ ነው። አምስት እንጨት ቀርቶ ተራው የስኒዎቹ ከሆነ፣ ባለቤቴ ዓይኑን ጨፍኖ ከአምስተኛው ስኒ አንድ ፍሬ ያወጣል። ሽምብራ ከሆነ አንድ እንጨት ያነሳላቸዋል፣ ባቄላ ከሆነ ሁለት። ስኒዎቹ ካሸነፉ ፍሬዎቹ ይመለሳሉ። ከተሸነፉ ግን መጨረሻ የወጣው ፍሬ ይበላል። ባዶ ስኒ ላይ መድረስም መሸነፍ ነው።

መጀመሪያ እንደ ጉድ ተሸነፉ፤ እኔም ጠገብኩ። እየዋለ እያደረ ግን መክሰሴ ቀነሰ። አንድ ቀን ከሰዓት አንዲት ፍሬ ሳልቀምስ ከጨዋታው ተነሳሁ። ባለቤቴ ግቢው መሀል እስክስታ ወረደ።

ደስታው ልክ አልነበረውም፤ ትምህርት ቤት ሄዶ የተማሪዎች ሥራ በሚታይበት በኤግዚቢሽኑ ቀን ስኒዎቹ የመጣውን ሁሉ እንደሚያሸንፉ አወጀ። ይህን የሰማው የቀበሌው ካድሬ፣ «በስኒ ቆሎ ከተሸነፍኩ ቆሜ አጨበጭባለሁ። ካሸነፍኩ ግን ኮምፒውተር የምትለውን ነገር ሁለተኛ ለተማሪ እንዳታወራ» አለው። ባለቤቴን ከዚህ የከፋ ቅጣት አያገኘውም።

በዋዜማው ጠዋት ጎረቤቴ እሳት ልትጭር መጣች። ስኒዎቹ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ እኔ ጓዳ ነበርኩ። በእኛ ዘንድ ቆሎ ፊት ለፊት ተቀምጦ አለመቅመስ የቤቱን ሰው እንደ መናቅ ነው። ስወጣ ሰባቱም ስኒዎች ባዶ ናቸው።

«ቆሎሽስ ይጥማል እህቴ» አለችኝ፤ «ግን እንዲህ በስኒ በስኒ መቆንጠሩን ከየት አመጣሽው?»

ባለቤቴ ገባና አየ። በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። «ያን ሁሉ ትምህርት በላሽው» አላት።

«ወላሂ የተማረ መሆኑን አላወቅሁም።»

ነገሩን ስናስረዳት መጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ቀጥላ ሳቋ አመለጣት። «አብሽር መምህር፣ የበላሁትን እመልሳለሁ። በእኔም ቤት ስኒ አለ፤ በሁለት ቤት ካስተማርነው ቶሎ ይማራል» አለች።

እኛ ስኒዎቻችንን እንደገና ሞላን። እሷም በራሷ ስኒዎች ላይ እንደ እኛ ቁጥር ጽፋ፣ ከእኛ ጋር እኩል ፍሬ ከፍላ፣ ከአማቷ ጋር መጫወት ጀመረች። በመካከላችን የቁልቋል አጥር አለ። እኛ ቤት ስኒዎቹ ሲሸነፉ፣ «ከአምስተኛው ሽምብራ ተበላ» እያልኩ እጣራለሁ። እሷም ከራሷ አምስተኛ ስኒ ሽምብራ አውጥታ ትበላና፣ «ከአምስተኛው ሽምብራ በላሁ» ትላለች። እነሱ ጋ ሲሸነፉ ደግሞ እሷ ትጣራለች፣ እኔ እበላለሁ። የሐይቁ ነፋስ ድምፄን የወሰደው እንደሆነ መልስ አይመጣም፤ ያኔ እንዳልደረሰ ቆጥሬ እደግማለሁ።

ባለቤቴ ጭኑን መታ። «መጽሐፉ የሚለው ይህንኑ ነው። ተራርቀው ያሉ ኮምፒውተሮች በሽቦ ሲነጋገሩ፣ ‹ደረሰኝ› የሚል መልስ ካላገኙ ይደግማሉ።»

«ከእኛ ቢማሩ ነዋ» አለች ከአጥሩ ማዶ።

አማቷ ጥርስ አልነበራቸውም። ድርሻቸውን በሙቀጫ እያስወቀጡ፣ «ቆዩ እስቲ፣ ይህችን ስህተት ሳልውጥ ሌላ እንዳታመጡብኝ» ሲሉ እኛ ድረስ ይሰማል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ስኒዎቹ መሸነፍ አቆሙ። እራት የበላ አልነበረም።

በማግስቱ ካድሬው ተጫውቶ ተሸነፈ። ወንበር ለውጦም ተሸነፈ። «ይህን ነገር ማን ነው ያስተማረው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ጎረቤቴ፤ «ስህተቱን ስበላለት ውዬ፣ ሆዴ እስካሁን እንደተነፋ ነው።»

ካድሬው ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አልሆነለትም። ቆሞ አጨበጨበ። ባለቤቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ስለ ኮምፒውተር ለተማሪዎቹ ሲያወራ ኖረ። ከብዙ ዓመት በኋላ እውነተኛው ኮምፒውተር ትምህርት ቤቱ ሲገባ ሄዶ ዞሮ ዞሮ አየውና፣ «ሽምብራው የት ጋ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

አማቷ ካረፉ ቆይተዋል። የጎረቤቴም ጆሮ ደክሟል። አሁን ሽምብራውን ብቻዬን እለቅማለሁ። ቆልቼ ስጨርስ በአጥሩ እጠራታለሁ፤ ካልመለሰችልኝ እደግማለሁ።