በነፃ የሚቀየረው ቀበቶ

ስልኩ የጮኸው ባለቤቴ ምሳ በልቶ ጋደም እንዳለ ነው። አጠገቡ ስለነበርኩ የደዋዩ ድምፅ ይሰማኛል። መኪናችንን ካስመጣው ድርጅት ነኝ አለ። የፊት ወንበሮቹ ቀበቶ ከፋብሪካው ጀምሮ ችግር እንዳለበት ስለታወቀ ጋራዥ አምጥተን እንድናስቀይር፣ ለዚህም ምንም እንደማንከፍል አስረዳ። የባለቤቴን ስም እስከ አያቱ ጠራ፤ የሻንሲ ቁጥሩንም አነበበለት።

ባለቤቴ ስልኩን ዘግቶ ተነሥቶ ተቀመጠ።

«ሰማሽ? በነፃ ነው አለ እኮ!»

«ታዲያ ምን ክፋት አለው?»

«በነፃ የሚሰጥ ነጋዴ የት አይተሻል? መኪናዋን አስገብተው ደህና ደህናውን ዕቃ ሊፈቱባት ነው። ለመሆኑ የሻንሲ ቁጥሩን ማን ሰጠው?»

ይህን ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ኢንሹራንሱን ያሳደስኩት፣ ቁጥሩንም ያስመዘገብኩት እኔ ነበርኩ።

«እኔን ነው የምትጠረጥረው?»

«እንደሱ አልወጣኝም» አለ። ዓይኑን ግን ቶሎ አላነሣም።

እኔም ብሆን ሰውዬውን አላመንኩትም። በኛ ሰፈር፣ በፀዳ፣ «ዕጣ ደርሶሻል» ተብላ የተዘረፈች ጎረቤት አለችን። ስለዚህ አልገፋሁም። ከዚያ ወዲህ ግን ዓይኔ ከቀበቶው ላይ አልነሣ አለ። ጧት ወደ ማራኪ ሰፈር ስንሄድ ቀስ ብዬ ስስበው ይመጣል፤ ድንገት ስመነጭቀውም ይመጣል።

«ስመነጭቀው መያዝ አልነበረበትም?» አልኩት።

«ቀበቶ ሲስቡት ካልመጣ ምኑን ቀበቶ ሆነ?» ብሎ ራድዮኑን ከፈተ።

ደባት የዘመድ ተዝካር የነበረ ጊዜ፣ ከዚያው እኛን ሊጠይቁ መጥተው የነበሩትን አማቴን ይዘን ወጣን። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ቀበቶውን ያሰረላቸው ባለቤቴ ራሱ ነው። አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን፣ መታጠፊያው ላይ ከብቶች መንገዱ ውስጥ ገቡ። ባለቤቴ ባለ በሌለ ኃይሉ ፍሬን ያዘ። የአማቴ ቀበቶ እንደ ልቃቂት ክር ተተረተረና ግንባራቸው ከዳሽቦርዱ ጋር ተጋጨ።

መኪናው ሲቆም አማቴ ነጠላቸውን ግንባራቸው ላይ ጫን አድርገው ቆዩ። ደም የለም፤ እብጠቱ ግን ወዲያው ወጣ።

«ምነው ልጄ» አሉ፣ ጭናቸው ላይ የተዝረከረከውን ቀበቶ እያነሡ። «ይኸ ገመድ ካልያዘኝ ለምን አሰርከኝ?»

ባለቤቴ መኪናውን አዙሮ ቀስ እያለ ወደ ቤት መለሰን።

ሰኞ ዕለት ወደ ደወለልን ቁጥር አልደወልንም፤ ያንን ባለቤቴ አሁንም አላመነውም። መኪናውን ወደገዛንበት መሸጫ በአካል ሄድን። ጥሪው እውነት ነበር። ጋራዡ ውስጥ ባለቤቴ ከመካኒኩ ራስ ላይ አልነቃነቅ አለ። አሮጌዎቹ ቀበቶዎች ወደ ሣጥን ሲገቡም፣

«የት ልትወስዷቸው ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ተመልሰው ለሌላ ሰው እንዳይሸጡ እንቆራርጣቸዋለን።»

«እዚሁ እያየሁ ቁረጧቸው።»

መካኒኩ እየሣቀ ቆረጣቸው። አዲሶቹን እኔም ባለቤቴም በየተራ መነጨቅናቸው። ቀጥ ብለው ያዙ። የኋላው ደህና ነው ቢሉንም እሱንም ካልመነጨቅን አልወጣንም።

አማቴ እብጠታቸው እስኪጎድል እኛ ዘንድ ሰነበቱ። ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ቀን ሲደርስ ባለቤቴ መኪናውን አስነሥቶ በር ከፈተላቸው።

«እማዬ፣ ግቢ፤ ተሠርቷል።»

«ማነው ተሠራ ያለህ?»

«ድርጅቱ ነዋ።»

«ቀድሞስ ሸጋ ነው ብሎ የሸጠልህ ማን ነበር?»

እግዜር ይስጥህ ብለው ጉንጩን ሳሙትና መናኸሪያ ድረስ በባጃጅ እንድሸኛቸው ጠየቁኝ። የደባቱ አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ መስኮት ጥግ አስቀመጥኳቸው። የወንበሩን ግራና ቀኝ በእጃቸው ዳበሱ። ቀበቶ የሚባል ነገር አልነበረበትም። አማቴ ደስ ብሏቸው ነጠላቸውን አጣፉ።